በአነስተኛ ወጪ የውኃ ዳር ዕረፍት፦ ሎጎ ሐይቅ ለደሴና ለኮምቦልቻ ቤተሰቦች

ከደሴ ከተማ በስተሰሜን ወደ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ የሚገኘው ሎጎ ሐይቅ፣ ጊዜውና ገንዘቡ ለተወሰነ የደቡብ ወሎ ቤተሰብ ቅርቡ የውኃ ዳር ማረፊያ ነው። ጠዋት ከደሴ የተነሣ ሰው በሐይቁ ዳር ውሎ፣ ዓሣ በልቶ፣ ከመምሸቱ በፊት ቤቱ ሊገባ ይችላል። ይሁንና ቅርበቱ ብቻውን ጉዞውን ርካሽ አያደርገውም፤ ደኅንነቱንም አያረጋግጥም። ዋጋ ሳይነጋገር ጀልባ ላይ የሚወጣ ቤተሰብ ያላሰበውን ሊከፍል ይችላል፤ የውኃውን ጠባይ ሳያውቅ ልጆቹን የሚያስገባም ከዕረፍቱ በሽታ ወይም ሐዘን ይዞ ሊመለስ ይችላል። ይህ ጽሑፍ ለአንድ ቀን ወይም ለአንድ አዳር ወደ ውኃ ዳር ለመሄድ ያሰበ የከተማ ነዋሪም ሆነ አርሶ አደር ሊያመዛዝናቸው የሚገቡ ጉዳዮችን በቅደም ተከተል ያቀርባል።

ባሕሩ ለምን ራቀ

ለደሴና ለኮምቦልቻ ሰው ባሕር ሁልጊዜ ሩቅ አልነበረም። ከኮምቦልቻ ተነሥቶ በባቲና በሚሌ በኩል ወደ አሰብ የሚወርደው መንገድ ከጣሊያን ወረራ ዘመን ጀምሮ ወሎን ከቀይ ባሕር ጋር ሲያገናኝ ኖሯል። ሾፌሮች፣ ረዳቶች፣ ነጋዴዎችና የወደብ ሠራተኞች በዚህ መስመር ተመላልሰዋል። ኤርትራ በ1985 ዓ.ም. ነፃ አገር ከሆነች በኋላም የኢትዮጵያ ዕቃ በአሰብ ወደብ ይገባ ነበር፤ በ1990 ዓ.ም. በሁለቱ አገሮች መካከል ጦርነት ሲነሣ ግን መስመሩ ተዘጋ። ከዚያ ወዲህ የአገሪቱ የወጪና ገቢ ንግድ በአብዛኛው በጅቡቲ በኩል ነው።

ዛሬ ከወሎ ተነሥቶ የባሕር ዳርቻ ላይ ማረፍ የሚፈልግ ሰው ድንበር መሻገር አለበት። ፓስፖርት፣ የመግቢያ ሰነድና የውጭ ምንዛሪ ያስፈልገዋል። በሞቃታማዎቹ ወራት የቀይ ባሕር ዳርቻ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በላይ የሚደርስበት ጊዜ ስላለ፣ ወቅቱን መምረጥም ግድ ነው። ይህ ጉዞ ለወራት ቆጥቦ ለሚዘጋጅ ሰው እንጂ ለቅዳሜና እሑድ የሚሆን አይደለም። ስለዚህ ለአብዛኛው ቤተሰብ እውነተኛው ምርጫ በአገር ውስጥ ካሉት ሐይቆች መካከል ነው።

ርቀትን ከዕረፍት ጋር ማመዛዘን

በአገሪቱ በሐይቅ ዳር መዝናኛ ስማቸው የታወቀው ሐዋሳ፣ ላንጋኖ፣ ቢሾፍቱና ባሕር ዳር ናቸው። እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ውበት አላቸው። ነገር ግን ለአጭር ዕረፍት ቦታ ሲመረጥ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት የቦታው ስም ሳይሆን፣ ካለው ጊዜ ምን ያህሉ በመንገድ ላይ እንደሚያልቅ ነው።

ለአብነት ሐዋሳን መውሰድ ይቻላል። ደሴ ከአዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች፤ ሐዋሳ ደግሞ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ወደ 275 ኪሎ ሜትር ላይ ናት። ደርሶ መልሱ ሲደመር 1,350 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ከደሴ ወደ ሎጎ ሐይቅ ደርሶ መልስ ግን 60 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ልዩነቱ ከ22 እጥፍ በላይ ነው። በሕዝብ ትራንስፖርት ሐዋሳ የሚሄድ ቤተሰብ አዲስ አበባ ላይ ለማደር ስለሚገደድ፣ መሄጃና መመለሻው ብቻ አራት ቀን ሊወስድ ይችላል። የአራት ቀን ዕረፍት ያለው ሰው ሐዋሳን መረጠ ማለት ዕረፍቱን በአውቶቡስ ወንበር ላይ አሳለፈ ማለት ነው።

ከኮምቦልቻ ለሚነሣ ሰው በዚህ ላይ እስከ ደሴ ያለው 25 ኪሎ ሜትር ገደማ የዳገት መንገድ ይጨመራል። ጠቅላላ ርቀቱ ወደ 55 ኪሎ ሜትር ይሆናል። የኮምቦልቻ ተጓዥ ደሴ ላይ መኪና መቀየር ሊኖርበት ስለሚችል፣ ጊዜውንም ሆነ ገንዘቡን ሲያሰላ ሁለት ጉዞ አድርጎ መቁጠሩ ይበጀዋል።

ጠቅላላ ሕጉ ቀላል ነው። ለአንድ ቀን ዕረፍት መሄጃና መመለሻው ተደምሮ ከቀኑ ሩብ በላይ መውሰድ የለበትም። ለሁለትና ለሦስት ቀን ዕረፍትም ቢሆን አንድ ሙሉ ቀን በመንገድ የሚያልቅ ከሆነ፣ ቦታውን ወይም የቀኑን ብዛት እንደገና ማሰብ ይገባል።

ሎጎ ሐይቅ ምን ዓይነት ቦታ ነው

ሎጎ ሐይቅ በተሁለደሬ ወረዳ የሚገኝ ሲሆን፣ አጠገቡ ያለችው ከተማም ሐይቅ ተብላ በእርሱ ስም ትጠራለች። ከተማዋ ከደሴ ወደ ወልዲያ በሚወስደው ዋና መንገድ ላይ ናት። የሐይቁ ስፋት 23 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከጣና ጋር ሲነጻጸር በጣም ትንሽ ይመስላል፤ ጣና ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ይሸፍናልና። በጥልቀት ግን ነገሩ ይገለበጣል። የጣና ጥልቁ ቦታ 15 ሜትር ያህል ሲሆን፣ የሎጎ ሐይቅ ጥልቁ ቦታ ከ80 ሜትር በላይ ይወርዳል። ተራሮች የከበቡት፣ የሚገባ እንጂ በወንዝ የሚወጣ ውኃ የሌለው ሐይቅ ነው።

በስተደቡብ ምሥራቁ አርዲቦ የሚባል ሌላ አነስተኛ ሐይቅ ከፍ ባለ ቦታ ላይ ይገኛል። የአርዲቦ ውኃ በአንከርካ ወንዝ በኩል ወደ ሎጎ ሐይቅ ይወርዳል። አርዲቦ ከዋናው መንገድ ራቅ ያለና ጸጥታ የበዛበት በመሆኑ፣ በእግር መሄድ ለሚወዱና ስንቃቸውን ይዘው ለሚጓዙ ይስማማል። ትንንሽ ልጆችና አረጋውያን ላሉበት ቤተሰብ ግን ከመንገድ ብዙ የማይርቀው ሎጎ ሐይቅ ይቀላል።

የአየሩ ጠባይም ከምርጫው ጋር ይያያዛል። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስትሆን፣ ሐይቁ ከእርሷ ወደ 500 ሜትር ዝቅ ይላል። ከፍታ በ1,000 ሜትር ሲቀንስ ሙቀት በስድስት ዲግሪ ገደማ ስለሚጨምር፣ ከደሴ የሚሄድ ሰው ወደ ሦስት ዲግሪ የሚጠጋ ሙቀት ያገኛል። ለደሴ ብርድ ይህ ቀላል ለውጥ አይደለም። ለኮምቦልቻ ሰው ግን አየሩ ከለመደው ብዙም አይለይም፤ ማታ ማታ ቀዝቀዝ ሊልበት ስለሚችል ጋቢ ወይም ሹራብ መያዙ ይጠቅመዋል።

ወጪን በአምስት መስመር መጻፍ

የትራንስፖርት ታሪፍና የምግብ ዋጋ በየጊዜው ስለሚለዋወጥ፣ ለአንድ ጉዞ የሚበጀው የትናንቱን ዋጋ ማስታወስ ሳይሆን የአሠራሩን ስልት ማወቅ ነው። አንድ ወረቀት ወስዶ አምስት መስመር መጻፍ በቂ ነው።

የመጀመሪያው መስመር መጓጓዣ ነው። አምስት አባላት ያሉት ቤተሰብ ከደሴ ሲነሣ ደርሶ መልስ አሥር ወንበር ይከፍላል። ከኮምቦልቻ ተነሥቶ ደሴ ላይ መኪና ቢቀይር ደግሞ ሃያ ወንበር ይሆናል። ታሪፉን ከመነሣት በፊት መናኸሪያ ሄዶ መጠየቅ ይቻላል። ከሐይቅ ከተማ እስከ ውኃው ዳር በባጃጅ ለሚሄድ ሰው የባጃጁ ሒሳብም በዚሁ መስመር ይገባል፤ ከመሳፈር በፊትም የኮንትራቱ ዋጋ መነገር አለበት።

ሁለተኛው መስመር ምግብና መጠጥ ነው። በውኃ ዳር መዝናኛዎች የለስላሳና የታሸገ ውኃ ዋጋ ከከተማ ሱቅ ከፍ ማለቱ የተለመደ ነው። ውኃና የልጆች መክሰስ ከቤት ወይም ከሱቅ ይዞ መሄድ ይህን መስመር በግልጽ ይቀንሰዋል። ሆኖም አንዳንድ መዝናኛዎች ከውጭ የመጣ ምግብ እንዳይገባ ስለሚከለክሉ፣ ከመቀመጥ በፊት መጠየቅ ያስፈልጋል። በምግብ ዝርዝሩ ላይ የተጻፈው ዋጋ 15 በመቶውን የተጨማሪ እሴት ታክስና የአገልግሎት ክፍያን ያካተተ መሆኑንም ከማዘዝ በፊት ማጣራት ይገባል። ለአምስት ሰው ሲሆን ልዩነቱ የአንድ ሰው ምሳ ሊያህል ይችላል።

ሦስተኛው መስመር ጀልባና መግቢያ ነው። አራተኛው፣ የሚታደር ከሆነ፣ አልጋ ነው። አምስተኛው ደግሞ መጠባበቂያ ነው። ከአጠቃላይ ወጪው ቢያንስ አንድ አሥረኛው ሳይነካ መቀመጥ አለበት። መኪና ሲዘገይ፣ ልጅ ሲታመም ወይም ዝናብ ሲያስመሽ ይህ ገንዘብ ቤት ያደርሳል። የመመለሻው ትራንስፖርት ደግሞ ከመጠባበቂያው ተለይቶ፣ በሌላ ኪስ ቢቀመጥ ይመረጣል።

ወጪውን የሚቀንሰው ሌላው መንገድ በጋራ መሄድ ነው። ሁለት ወይም ሦስት ቤተሰብ፣ አለዚያም የአንድ መሥሪያ ቤት ባልደረቦች ሚኒባስ ኮንትራት ሲይዙ የጉዞ ሰዓታቸውን ራሳቸው ይወስናሉ፤ የጀልባውንም ኪራይ ይካፈላሉ። ከጥቂት ወራት በፊት ተነጋግሮ በእቁብ መልክ ትንሽ ትንሽ ማጠራቀም፣ በአንድ ጊዜ ከደመወዝ ወይም ከእህል ሽያጭ ላይ ከማንሣት ይልቅ ጫናውን ያቀለዋል።

የቀን ውሎ ወይስ አዳር

ለብዙ ቤተሰብ የቀን ውሎ በቂ ነው። ለአርሶ አደር ቤተሰብ በተለይ ከብት የሚጠብቅ፣ ላም የሚያልብና ቤት የሚቆልፍ ሰው ማግኘት ስለሚያስቸግር፣ አዳር ከገንዘቡም በላይ ሌላ ዋጋ አለው። በጠዋት ተነሥቶ ከሰዓት በኋላ በዘጠኝ ወይም በአሥር ሰዓት ሐይቅ ከተማን ለቆ መውጣት፣ በቀን ብርሃን ለመግባት ያስችላል።

አዳር የሚመረጠው ማልዶ ውኃውን ለማየት ለሚፈልግ፣ ከሩቅ ወረዳ ለመጣ ወይም ለአዲስ ሙሽሮች ነው። በዚህ ጊዜ ሁለት ዓይነት አልጋ አለ፤ አንዱ በውኃው ዳር ባሉ ሎጆችና መዝናኛዎች፣ ሌላው በከተማዋ ውስጥ ባሉ ሆቴሎችና ፔንሲዮኖች ነው። የዳርቻው ዕይታ ይሰጣል፤ የከተማው ገንዘብ ያተርፋል። ቀኑን በውኃ ዳር ውሎ ሌሊቱን በከተማ ማደር፣ ሁለቱንም ለማግኘት የሚያስችል መካከለኛ መንገድ ነው። አልጋ ሲያዝ ስለ ውኃ፣ ስለ መብራትና ስለ አጎበር መጠየቅ፣ ከተቻለም ክፍሉን አይቶ መክፈል ይገባል። ቀብድ በቴሌብር የሚልክ ሰው የደረሰኙን መልእክት እስኪመለስ ድረስ አያጥፋ።

መቼ መሄድ ይሻላል

በደቡብ ወሎ የአርሶ አደሩ ዓመት በመኸርና በበልግ ይከፈላል። የመኸሩ እህል ተሰብስቦ፣ የበልጉ ዝናብ ከመምጣቱ በፊት ያለው ጊዜ፣ በተለይ ጥር፣ እጅ የሚያርፍበት ነው። ሰማዩ ጥርት ያለ፣ መንገዱም ደረቅ ስለሆነ ለጉዞ ይመቻል። ሆኖም ጥር የጥምቀትና የሠርግ ወር በመሆኑ በበዓላቱ ሰሞን መኪናና አልጋ ይወደዳል። ከበዓሉ አንድ ሳምንት ራቅ ማለት ወጪውን ያቃልላል።

መስከረምና ጥቅምት ተራራው ለምልሞ፣ ሐይቁ ሞልቶ የሚታይባቸው ወራት ናቸው። ለዕይታ ከሁሉም የላቁ ቢሆኑም ከክረምት መውጫ በኋላ እስከ ታኅሣሥ ያለው ወቅት በአገሪቱ የወባ ስርጭት የሚጨምርበት በመሆኑ፣ የሚያድር ሰው አጎበር ያለው ክፍል መምረጥ አለበት። ሐምሌና ነሐሴ ዝናብ የሚበዛባቸው ስለሆኑ ለቀን ውሎ አይመከሩም። የትምህርት ቤት ልጆች የሌሏቸው ወይም በፈረቃ የሚሠሩ ሰዎች ከቅዳሜና እሑድ ይልቅ የሥራ ቀናትን ቢመርጡ፣ ጸጥታም የተሻለ ዋጋም ሊያገኙ ይችላሉ።

አንድ ማዕድ ለሁሉም

ወደ ሐይቅ የሚሄድ ሰው የሚናፍቀው ዓሣ ነው። በሎጎ ሐይቅ በብዛት የሚታወቁት ቆሮሶና አምባዛ ናቸው። ቆሮሶ በዚህ ሐይቅ የጥንት ነዋሪ አይደለም፤ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ከሌላ ቦታ መጥቶ የተጨመረ ሲሆን፣ ተራብቶ የዓሣ አስጋሪዎች ዋና መተዳደሪያ ሆኗል።

ዓሣ ለወሎ ሰው ሌላም ጥቅም አለው። ሙስሊሙና ክርስቲያኑ በአንድ ሰፈር ተጋብቶና ተዋልዶ በሚኖርበት በዚህ አካባቢ፣ በድግስ ጊዜ የሥጋው ነገር በየእምነቱ ተለይቶ ይዘጋጃል። ዓሣ ግን የባራኪ ጥያቄ ስለማያስነሣ የተቀላቀለ ቡድን በአንድ ትሪ ዙሪያ ሊቀመጥበት ይችላል። ሁለት ዓይነት ምግብ ማዘዝ ስለማያስፈልግም ወጪው ይቀንሳል። የቡድን ጉዞ የሚያዘጋጅ ሰው የጾም ቀናትን፣ የረመዳንን ወርና የዓርብን የጁምዓ ሰዓት አስቀድሞ ቢያገናዝብ ማንም ቅር ሳይለው ይውላል።

ሲታዘዝ የዓሣውን መጠን ማየትና ዋጋውን በዓሣ ወይም በኪሎ መነጋገር ይበጃል። በጣም ትንንሽ ዓሣ የሚያቀርብ ቤት ካለ አለመግዛት ይመረጣል፤ ሳይራባ የተያዘ ዓሣ የነገውን ምርት ይቀንሳልና።

ገዳሙን በእግር መጎብኘት

የሎጎ ሐይቅን ከሌሎች መዝናኛዎች የሚለየው ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ነው። ገዳሙን አቡነ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ አቅንተውታል። ከደብረ ዳሞ የመጡት እኒህ አባት የትምህርትና የመጽሐፍ ማዕከል አድርገውት፣ አቡነ ተክለ ሃይማኖትን ጨምሮ ብዙ መነኮሳት በእግራቸው ሥር ተምረዋል። በኋላም የገዳሙ አበምኔቶች ዐቃቤ ሰዓት በሚል ማዕረግ በነገሥታቱ ቤተ መንግሥት ከፍ ያለ ሥልጣን ነበራቸው። በአቡነ ኢየሱስ ሞዓ ዘመን የተጻፈው ወንጌል እስከ ዛሬ ድረስ በታሪክ አጥኚዎች ዘንድ የታወቀ ነው።

ለቆጣቢ ተጓዥ የሚጠቅመው ነገር የቦታው አቀማመጥ ነው። ገዳሙ ጥንት ደሴት ላይ የነበረ ሲሆን፣ ዛሬ ግን ደሴቲቱ ከየብስ ጋር ስለተያያዘች በእግር ይደረሳል። ገዳሙን ለማየት ጀልባ መከራየት ግዴታ አይደለም። በገዳሙ ሥርዓት መሠረት ሴቶች ወደ ውስጠኛው ክፍል አይገቡም፤ ስለዚህ ቤተሰብ ይዞ የሚሄድ ሰው እናትና ሴቶች ልጆች የሚቆዩበትን ቦታና ጊዜ አስቀድሞ ያስብ። አለባበስን ማስተካከል፣ ፎቶ ከማንሣት በፊት ፈቃድ መጠየቅና በጸሎት ሰዓት ዝም ማለት የጎብኚ ሁሉ ግዴታ ነው። የአቡነ ኢየሱስ ሞዓ መታሰቢያ በዓል ኅዳር 26 ቀን ስለሚከበር፣ በዚያ ሰሞን ጸጥታ የሚፈልግ ሰው ሌላ ቀን ይምረጥ።

ወደ ውኃው ከመግባት በፊት

የሐይቅ ዳር ዕረፍት ትልቁ ስህተት ውኃውን እንደ መዋኛ ገንዳ ማየት ነው። በሐይቅ ከተማ ትምህርት ቤቶች የተደረጉ ጥናቶች የአንጀት ብልሃርዝያ በተማሪዎች ላይ እንደሚገኝ አሳይተዋል። ብልሃርዝያ የሚተላለፈው በመጠጣት ብቻ አይደለም። በዳርቻው ሣርና ጭቃ ውስጥ የሚኖሩ ቀንድ አውጣዎች በዓይን የማይታዩ እጮችን ወደ ውኃው ይለቃሉ፤ እጮቹም በውኃው ውስጥ የቆመን ሰው ቆዳ በደቂቃዎች ውስጥ በስተው ይገባሉ። ስለዚህ እግር መዘፍዘፍ፣ ልብስ ማጠብና የልጆች ጨዋታ ከዋና እኩል ያጋልጣሉ።

በጣም የሚያሰጋው ዝም ብሎ የተኛ፣ ሣር የበዛበትና ጥልቀት የሌለው ዳርቻ ነው፤ ልጆች የሚወዱት ቦታም እርሱው ነው። ከዳር ራቅ ሲባል የእጩ ስጋት ቢቀንስም የጥልቀቱ አደጋ ይጨምራል። በፎጣ ፈጥኖ መድረቅ አስተማማኝ መከላከያ አይደለም። ከሁሉ የሚሻለው ውኃውን ከዳር ሆኖና ከጀልባ ላይ ማየት ነው። መዋኘት የግድ የሚፈልግ ሰው ንጽሕናው የተጠበቀ የመዋኛ ገንዳ ይፈልግ።

ውኃው ውስጥ የገባ ሰው ከሳምንታት በኋላ ትኩሳት፣ የቆዳ ማሳከክ፣ የሆድ ቁርጠት፣ ተቅማጥ ወይም ደም የተቀላቀለበት ሰገራ ቢያይ ወደ ጤና ጣቢያ ሄዶ ሐይቅ ውስጥ ገብቶ እንደነበር መንገር አለበት። በሽታው በሰገራ ምርመራ ይታወቃል፤ ፕራዚኳንቴል በተባለ መድኃኒትም ይታከማል። ሳይታከም ለዓመታት የቆየ ብልሃርዝያ ግን ጉበትን ይጎዳል።

ሁለተኛው አደጋ መስጠም ነው። ዳር ላይ ጉልበት የማይሞላ የሚመስል ውኃ ጥቂት እርምጃ ወደ ውስጥ ሲገባ ሊጠልቅ ይችላል። በቡድን ጉዞ ላይ ሁሉም ሰው ልጆቹን የሚያይ ስለሚመስለው ማንም ሳያይ ይቀራል። ተራ አውጥቶ በየሰዓቱ አንድ ጎልማሳ ለልጆች ጥበቃ ብቻ መመደብ ምንም ወጪ የለውም። ጠጥቶ ወደ ውኃ መግባት ደግሞ ለዋናተኛም አይፈቀድም።

ጀልባ ሲያዝ

በጀልባ መንሸራሸር የብዙዎች ምኞት ነው። ከመሳፈር በፊት ሦስት ነገር መነገር አለበት፤ ዋጋው በሰው ነው ወይስ በጀልባ፣ ስንት ደቂቃ ይቆያል፣ የት ደርሶ ይመለሳል። ለቤተሰብ ብዙ ጊዜ የሚያዋጣው ጀልባውን በጠቅላላ መያዝ ነው። ከዋጋው በላይ ግን የሕይወት አድን ጃኬት መኖሩ መታየት አለበት። ጃኬቱ በተሳፋሪው ቁጥር ልክ ካልሆነ፣ የልጅ መጠን ከሌለው ወይም ጀልባው ከአቅሙ በላይ ከጫነ መተው ይሻላል። ከ80 ሜትር በላይ ጥልቀት ባለው ሐይቅ ላይ ይህ ቅንጦት አይደለም። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሣ ማዕበል ስለሚበረታ፣ የጀልባው ጊዜ ጠዋት ቢሆን ውኃውም ይረጋል፤ ልጆችም አይፈሩም።

ሐይቁን ለነገ ማቆየት

ከሎጎ ሐይቅ የሚወጣ ወንዝ የለም። ስለዚህ የተጣለ ፌስታል፣ የፕላስቲክ ጠርሙስና ሳሙና የሚሄድበት ሌላ ቦታ የለውም፤ እዚያው ይከማቻል። በዙሪያው ያሉት አርሶ አደሮች ማሳቸውን የሚያጠጡበት፣ ከብታቸውን የሚያጠጡበት፣ አስጋሪዎችም የዕለት እንጀራቸውን የሚያገኙበት ውኃ ነው። ተዳፋቱ ሲታረስ በጎርፍ የሚወርደው አፈርም መጨረሻው ሐይቁ ነው። ተጓዥ ቆሻሻውን በከረጢት ይዞ ቢመለስ፣ መኪናውን በዳርቻው ባያጥብና በሰው ማሳ ውስጥ ሳይፈቀድለት ባያልፍ፣ በሚቀጥለው ዓመትም የሚመጣበት ቦታ ይኖረዋል። ምሳውን፣ ጀልባውንና ባጃጁን ከአካባቢው ሰው ሲገዛም ገንዘቡ ከደቡብ ወሎ አይወጣም።

ከመነሣት በፊት

ደሴ፣ ኮምቦልቻና ሐይቅ በ2014 ዓ.ም. ጦርነት የተጎዱ ከተሞች ናቸው፤ በክልሉ ያለው የጸጥታ ሁኔታም የመንገድ ጉዞን በየጊዜው ይነካል። ስለዚህ የማንኛውም ጉዞ የመጀመሪያ ሥራ በዋዜማው የመንገዱን ሁኔታ ከመናኸሪያ፣ ከሾፌሮችና ከሐይቅ ከተማ ከሚኖር ዘመድ ወዳጅ ማጣራት ነው። መንገዱ ካላስተማመነ ቀኑን ማስተላለፍ ኪሳራ አይደለም፤ ለዚህም ሲባል አስቀድሞ የሚከፈለው ቀብድ አነስተኛ ቢሆን ይመረጣል። መታወቂያ መያዝና የመመለሻ ሰዓትን ለቤት ሰው መንገርም አይዘንጋ።

ለአንድ ቀን ውሎ የሚያስፈልገው ዕቃ ብዙ አይደለም፤ የሚጠጣ ውኃ፣ ኮፍያ ወይም ጃንጥላ፣ የሚነጠፍ ምንጣፍ፣ ለልጆች ቅያሪ ልብስ፣ የቆሻሻ ከረጢትና ዘወትር የሚወሰድ መድኃኒት ካለ እርሱን መያዝ ይበቃል። አምስቱ የወጪ መስመሮች ተጽፈው፣ የመመለሻው ገንዘብ ተለይቶ፣ ልጆች ውኃ ውስጥ እንደማይገቡ ከቤት ከተነገራቸው፣ የቀረው በጠዋት መነሣት ነው።